ሊረዳ የመጣ ሰው ለበዓል ወደ ቤቱ ቢሄድ

ገንዘቡን የሚሰጥ ሰው ከሰጠ በኋላ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰጪው ቢደሰትም ቢጸጸትም፥ ቢተኛም ቢነሣም፥ የተሰጠው ገንዘብ ያው ነው፤ አይጨምርም፥ አይጎድልም። ቀኑን የሚሰጥ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ቀን በከረጢት ታስሮ አይላክም፤ ባለቤቱ አብሮት መሄድ አለበት። ደግሞም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ዛሬ የሰጠ ሰው ነገ በማለዳ ተነሥቶ እንደ ገና መስጠት ይኖርበታል። ስለዚህ በሰው አገር ሁለት ዓመት አገለግላለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ሁለቱን ዓመት በአንድ ጊዜ የሰጠ ይመስለዋል እንጂ፥ በእውነቱ ከሰባት መቶ ጊዜ በላይ እየተነሣ ይሰጣል። ከነዚያም ጧቶች አንዱ የአገሩ በዓል የሚውልበት ቀን ነው።

ልጠይቅ የወደድሁት ስለዚያ ቀን ነው። ሌላውን ሊረዳ በፈቃዱ ከአገሩ የወጣ ሰው፥ በዓል ሲደርስ ሥራውን ትቶ ወደ እናቱ ቤት ቢሄድ፥ የሰጠውን መልሶ ወሰደ ይባላልን? ወይስ ያ ቀን መጀመሪያውኑ ያልሰጠው የራሱ ቀን ነበርን? ጥያቄው ለአንዳንዱ አንባቢ ቀላል ይመስለው ይሆናል። ለእኔም ይመስለኝ ነበር፤ መልሴም የተዘጋጀ ነበረ። መልሴን ያበላሸችብኝ አንዲት ባልቴት ናት፤ ወደ እርሷ በኋላ እመለሳለሁ።

የነገሩ ሁኔታ እንዲህ ነው። የሰላም ጓድ የሚባለው ድርጅት በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጆን ኬኔዲ ትእዛዝ የተቋቋመው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ270 የሚበልጡ ወጣቶች ወደ አገራችን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ ዛሬ ሽበት የወረሳቸው ብዙ ሰዎች እንግሊዝኛ ቋንቋ የተማሩት ከእነርሱ ነው። ሥራው በአብዮቱ ዘመን ተቋርጦ በ1995 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ተጀመረ፤ ከዚያም በኋላ ጦርነት ሲመጣ እየቆመ፥ ሰላም ሲሆን እየቀጠለ ኖረ። የአንድ ፈቃደኛ ዘመን ከሦስት ወር ልምምድ ጋር 27 ወር ነው። ባገለገለበት በያንዳንዱ ወር ሁለት የዕረፍት ቀን ይታሰብለታል፤ በሁለት ዓመት 48 ቀን መሆኑ ነው። እንግዲህ በደንቡ በኩል ክርክር የለም፤ ቀኑን ያጠራቀመ ሰው ጠይቆ ይሄዳል። እኔ የምለው ግን በደንቡ ያልተጻፈውን ነው።

ነገሩን የሚያከብደው የዘመን አቈጣጠራችን ነው። እነርሱ ልደትን የሚያከብሩበት ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል፤ የእኛ ገና ግን ታኅሣሥ 29 ነው፤ በመካከሉ አሥራ ሦስት ቀን አለ። (በዘመነ ዮሐንስ ሁለቱም በእኛ አቈጣጠር አንድ ቀን ይቀድማሉ እንጂ የመካከሉ ቀን አይለወጥም።) ያን ጊዜ ኅዳር 15 ቀን የገባው ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም። ሥጋ የለም፥ ቅቤ የለም፥ ወተት የለም፤ ዶሮው በደጅ ይጮኻል እንጂ ወደ ድስት አልቀረበም። ትምህርት ቤትም ለረዥም ጊዜ የሚዘጋው በክረምት ነውና በታኅሣሥ ተማሪው በየክፍሉ ተቀምጦ ይማራል። እንግዲህ ለእንግዳው የዓመቱ ታላቅ ቀን የሆነው ለጎረቤቶቹ የሥራና የጾም ቀን ነው። ከእርሱ ጋር ሊደሰት የሚችል ሰው በከተማው የለም፤ ይህም ከክፋት የመጣ አይደለም።

በ2005 ዓ.ም. እኔ በምኖርባት በጎጃም ከተማ አንድ እንዲህ ያለ ጕልማሳ ነበረ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪዎችን ይረዳ፥ ከሰዓት በኋላም ተማሪዎችን ሰብስቦ ንባብ ያለማምድ ነበር። የሚኖረው በባልቴቲቱ ግቢ በአንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ እየመጣ ፊደል ይቈጥር ስለ ነበር እንደ ልጆቹ ሁሉ የኔታ ይለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ለበዓል አልሄደም። እነዚህ ሰዎች ወዴትም አይሄዱም፥ እኔም አልሄድም ብሎ ቈረጠ፤ እኔም አመሰገንሁት። ታኅሣሥ 16 ማክሰኞ ነበር። እንደ ወትሮው ትምህርት ቤት ውሎ መጣ። ለማንም አልነገረምና ቀኑን ያወቀለት የለም። ማታ ባልቴቲቱ ሽሮ አቀረበችለት፤ በላና እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። የአሜሪካ ምሥራቅ ክፍል በዚያ ወራት ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፥ የእናቱ ቤት ሰዎች ወደ ማዕድ ሲቀርቡ ከእኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት ሆኖ ነበር። ኔትዎርክ የሚገኘው በአጥሩ ጥግ ነውና እዚያ በብርድ ቆሞ ከሁሉም ጋር በየተራ ተነጋገረ። ባልቴቲቱ ሳቁንም ልቅሶውንም በአንድነት ሰማች። በማግሥቱ ምን እንደ ነካው ጠየቀችኝ፤ ቀኑን ብነግራት ደረቷን መትታ፦ በገናው ቀን ሽሮ አበላሁት? አለች።

ከዚያ በኋላ እስከ ጥምቀት ድረስ የተከዘ እንግዳ ነበራት። ይበላል እንጂ አይጠግብም፤ ይስቃል እንጂ ዓይኑ አይስቅም። እርሷም ሌሊት መብራቱ እንደ በራ እያየች ሳትተኛ ታድራለች፥ ጧት ገንፎ ታገነፋለታለች፥ የሰፈሩን ልጆች እንዲያጫውቱት ትልካለች። ሊረዳ የመጣ ሰው በርሷ ርዳታ ያን ወራት አለፈ። እኔ በዚያን ጊዜ ይህን አላስተዋልሁም፤ ያየሁት ጽናቱን ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት በኅዳር አንድ ቅዳሜ በባልቴቲቱ ቤት ቡና ስንጠጣ፦ የኔታ፥ ዘንድሮ ልሂድ ወይስ ልቅር? ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳልጠራጠር ቅር አልሁት። ምክንያቴም ይህ ነበር።

እኔ በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ደበሎ ለብሼ፥ አኮፋዳ አንግቤ፥ የውሻ መከላከያ በትር ይዤ ከቤቴ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተማሪ ከዘመዱ የሚርቀው በከንቱ አይደለም። ቅርብ ከሆነ እናቱ ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ ስንቁ ናፍቆትን ያስከትላል፤ ናፍቆት ያደረበትም ልጅ መምህሩ የነገረውን ማታ ሲቀጽሉት አያገኘውም። ስለዚህ የዋድላው ልጅ ወደ ጎንጅ፥ የጎንደሩ ወደ ዋሸራ ይሄዳል፤ ማንም እንዳያገኘው ስሙን ለውጦ የሚኖርም አለ። በዓል ሲሆን በእንተ ስማ ለማርያም እያልን በየደጁ እንቆማለን፤ በበዓል ቀን የሰው እጅ ይፈታልና አኮፋዳችን ይሞላል። ማታ ጎጆአችን ገብተን የሰው እናት የጋገረችውን እንጀራ እየተካፈልን እንበላለን። ከመካከላችን አንዱ ዝም ካለ ለምን ዝም አልህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋልና። መምህራችንም በበዓል ሰሞን ወደ ቤቱ የሚሄድ ተማሪ እንደማይመለስ ይነግሩን ነበር። እኔም እንዲህ ያለውን ሕይወት ስምንት ዓመት ኖርሁ፤ ጕልማሳውም ሁለት ዓመት ቢጸና ምን ይጎዳዋል አልሁ።

ይህን ሁሉ ለርሱ አወራሁለት። ያላወራሁለት ግን ነበረ። እናቴ በስድስተኛው ዓመት ሞታ ነበር። አንድ የአገሬ ነጋዴ በገበያ አግኝቶ የነገረኝ የአርባዋ ተዝካር ከወጣ በኋላ ነው። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ አላየኋትም ነበር፤ መቃብሯን ያየሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ባልቴቲቱ ይህን ታውቃለች። ቡናውን እየቀዳች ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና፦ የኔታ፥ አንቱ ያልሄዱበትን መንገድ በዚህ ልጅ ላይ ለምን ይዘጉበታል? አለችኝ። ወደ እርሱም ዘወር ብላ፦ ሂድ ልጄ፥ እናትህ በር በሩን እያየች ነው፤ እኔ ይህን አውቀዋለሁ አለችው። ይህን ማለቷ በከንቱ አልነበረም። ብቸኛ ልጇ በ1999 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩት ሄዳ ነበር። ፓስፖርቷን የያዙት አሠሪዎቿ ናቸው። ለበዓል አገሬ ልግባ ብትል የምትለምነው እነርሱን ነውና፥ ስድስት ገና አልፎ ሰባተኛው እየመጣ ነበር።

ቅኔ ቤት የከረመ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ በፊቱ ያለውን ግልጽ ነገር ትቶ ከሥሩ የተሸሸገውን ሲፈልግ ይውላል። ባልቴቲቱ እናት ልጇን ትጠብቃለች አለች፤ ነገሩ ይኸው ነበር። እኔ ግን ወደ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ብዙ ሌሊት አወጣሁ አወረድሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ስሕተቴን ነው። ተማሪው የወጣው ሊቀበል ነው፤ ጕልማሳው የመጣው ሊሰጥ ነው። ተማሪ ናፍቆቱን ቢታገሥ ትዕግሥቱ ወደ ትምህርቱ ይገባል፤ የጾመውን ያህል ያውቃል፥ ትርፉም ኪሳራውም የራሱ ነው። ሊሰጥ የመጣ ሰው ግን ራሱን ከእናቱ ቤት ቢከለክል፥ የተከለከለው ነገር ወደ ማን ይገባል? እርሱ ባለመሄዱ ከጎረቤቶቹ ማን ጠገበ? በ2005ቱ ታኅሣሥ 16 ማንም አልጠገበም፤ አንዲት ባልቴት እንቅልፏን አጣች እንጂ። የሚጠቀምበት ሰው የሌለው መከልከል፥ ባለቤቱ ስለ ራሱ ያለውን መልካም አሳብ ብቻ ይመግባል። አባቶቻችን ይህን ውዳሴ ከንቱ ይሉታል፤ እኔም ጕልማሳውን ባመሰገንሁት ጊዜ ሳላውቅ ወደዚያ እገፋው ነበር።

ነገር ግን በዚህ ብቻ ሂድ ማለት አይቻልም፤ በሌላው ወገን ስድሳ ልጆች ተቀምጠዋል። ያለማመዳቸው ልጆች ናቸው፤ የሚሄደው በትምህርት መካከል ነው፤ ሦስት ሳምንት ይቀራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ፦ ሦስት ሳምንት ምን አላት? ይላል። ይህ አነጋገር ራሱን ያፈርሳል። ሦስት ሳምንት ቢጎድል ምንም የማይጎዳ ከሆነ፥ ሦስት ሳምንት ቢኖርም ምንም አይጠቅምም ነበር፤ ሁለቱም ዓመት የሦስት ሳምንት ድምር ነውና የመጣበት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው። ስለዚህ የሚሄድ ሰው፥ ብሄድ ምንም አይጎድልም ብሎ ራሱን ሊያጽናና አይገባውም። የሚጎድለውን አውቆ፥ ቈጥሮ፥ ከመሄዱ በፊት ሊከፍለው ይገባል። ጕልማሳው እንዲህ አደረገ። በኅዳር ቅዳሜዎች ሁሉ ልጆቹን እየሰበሰበ አስተማረ፤ እኔም ፊደሉን አቆምሁለት። አንድ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ በሌለበት ጊዜ ልጆቹን ሊይዝለት ተስማማ፤ እርሱም በበኩሉ በጥር የአስተማሪውን ክፍል ሊይዝለት ቃል ገባ።

ሌላም የሚከብድ ነገር ነበረ፤ እርሱ ራሱ ያነሣው ነው። እኔ ትኬት ቈርጬ እሄዳለሁ፥ የዚህች ሴት ልጅ ግን መምጣት አትችልም፤ በፊቷ ሻንጣዬን ስይዝ አላፍርምን? አለኝ። ማፈሩ ክፉ አይደለም። ቢሆንም እርሱ ቢቀር ከቤይሩት የምትመጣ ልጅ የለችም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እርሱ አንድ በዓል እዚህ ቢውል አይጠፋም፤ ይሸፈናል እንጂ። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ትኬቱ አይቀርምና የተሸፈነው ያን ጊዜ ይገለጣል። ጎረቤቶቹም ይህን ከመጀመሪያ ያውቁታል፤ እነርሱን የሚያታልል መስሎት ራሱን ብቻ ያታልላል። ባልቴቲቱ እንዲሄድ የፈለገችው ልዩነቱን ሳታይ ቀርታ አይደለም። ልጅ የምትጠብቅ እናት አንዲት እንኳ ብትቀንስ ብላ ነው።

ቀጥዬ የመረመርሁት ቃሉን ነው፤ ይህ ልማዴ ነው፥ አንባቢ ይታገሠኝ። ፈቀደ በግእዝ ወደደ፥ ፈለገ ማለት ነው። አማርኛ ግን ቃሉን አስፍቶታል። ሰው በልቡ የሚወድደው ፈቃድ ይባላል፤ አለቃ ለበታቹ ሂድ ብሎ የሚሰጠው ፈቃድ ይባላል፤ ሠራተኛ ከሥራ የሚያርፍበትም ቀን የዓመት ፈቃድ ይባላል። ጕልማሳው የመጣው በፊተኛው ፈቃድ ነው። ማንም አላስገደደውም፥ ስለዚህ ማንም ሊያስቀረው አይችልም። ሦስተኛውን ፈቃድ ከመሥሪያ ቤቱ አግኝቷል። የቀረው መካከለኛው ነው፤ ይህን ለመስጠት ሥልጣን ያለው ማን ነው? እኔ የሚመስለኝ በርሱ መኖር የለመዱ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆመው መጠበቅ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ጊዜው የርሱ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቢከለክሉት ሊያስሩት አይችሉም፤ ነገር ግን ሊጠይቃቸው ይገባል፥ ሲጠይቅም መልሳቸውን ሊሰማ ይገባል። ስንብት የምንለው ይህን አይደለምን?

ይህን አሳቤን በኋላ ዘመን የሆነ ነገር አጸናልኝ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የሰላም ጓድ በዓለም ሁሉ፥ ከ60 በሚበልጡ አገሮች የነበሩትን 7,000 ያህል ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ ወደ አገራቸው ጠራ። ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ሳይሰናበቱ ሄዱ። በዚያን ጊዜ ማንም አልበደለም፤ ሕይወትን ለማዳን የተደረገ ነውና። ነገር ግን የሄዱት የተጸጸቱት ወደ ቤታቸው በመግባታቸው አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅን ሰው ምንም ሳይሉት በመሄዳቸው ነው። ቤቱ የደረሰ ሰው የሚጸጸት ከሆነ፥ ጥፋቱን በመንገዱ ላይ መፈለግ አይገባም።

ጕልማሳችን ታኅሣሥ 8 ቀን 2006 ዓ.ም. ሄደ። ልጆቹን በየክፍሉ እየገባ ጠይቋቸው ነበር፤ አንዲት ትንሽ ልጅ አይሆንም ብላው ኖሮ፥ ሦስት ቀን ሲለምናት ሰነበተ። ለባልቴቲቱ ለገና ዋዜማ እመለሳለሁ ብሎ ቃል ገባላት።

የገና ዕለት ማክሰኞ ነበር። በዚያ ሰሞን በአሜሪካ የወረደው ብርቱ ብርድ ብዙ በረራ አስቀርቶ ስለ ነበር እርሱም በመንገድ ቀርቷል። ባልቴቲቱ ለገና ብላ ያሰረችው ዶሮ ነበራት። በአገራችን ሴት አታርድምና፥ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የማርድላት እኔ ነኝ። ሌሊት ከቅዳሴ ስንወጣ በበሯ አልፌ ዶሮውን አምጪ ብላት፦ ይቆይ የኔታ አለች። እኔም ጾም ከፈታ ሰው ቤት ዶሮ ሲጮኽ እየሰማሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ያን ቀን ከጎረቤት የመጣላትን ቀምሳ ዋለች።

እርሱ የደረሰው ረቡዕ ማታ ነው። ረቡዕ ጾም ነውና የቀረበለት ሽሮ ነበር፤ ሁለቱም የአምናውን አስታውሰው ሳቁ። ሐሙስ ጥር 1 ቀን በማለዳ ልጅ ላከችብኝ። ቢላዋዬን ስዬ ሄድሁ፥ በስመ አብ ብዬ አረድሁላት። እናቱ በእጇ የሠራችውን የሱፍ ልብስ ልካላት ነበር፤ እርሱን በትከሻዋ ጣል አድርጋ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ጕልማሳው ውሃ እየቀዳ ያቀብላታል። እናትህ ምን አለችህ? ብዬ ብጠይቀው፦ መቼ ትመለሳለህ ብላ የጠየቀችኝ በደረስሁ በሁለተኛው ቀን ነው አለኝ፤ ወደዚህ ማለቷ ይሁን ወደዚያ አልገባኝም፥ ደግሜም አልጠየቅሁትም።

ወጡ ሲደርስ ሦስታችን ወደ መሶቡ ቀረብን። ፈረሰኛውን አውጥታ በፊቱ አኖረችለት። ስልኳንም እንደ ገና ዕለት ሁሉ ከመሶቡ አጠገብ፥ ድምፁን ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው።